ልጅን ከምን እንጠብቀው?

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ሲቃረብ ልጆች በየመንደሩ ጅራፍ ያጮሃሉ። ጅራፍ የሚያቆስል ነገር ነው፤ ከጓደኛው ርቀቱን ያልጠበቀ ልጅ ሌላውን ይገርፋል፣ ራሱንም ይገረፋል። ሆኖም አባቶቻችን ጅራፉን ከልጆች እጅ አልነጠቁም፤ እንዴት እንደሚገመድና የት ቆመው እንደሚያጮሁት አሳዩአቸው እንጂ። የገና ጨዋታም በበትርና በሩር ሲካሄድ የኖረው እንዲሁ ነው።

ዛሬ ግን፣ በተለይ በከተማ፣ ልጁ ከግቢ እንዳይወጣ፣ ዛፍ ላይ እንዳይንጠላጠል፣ ከግንብ እንዳይዘል የሚከለክል ወላጅ በርክቷል። ምክንያቱ ፍቅር መሆኑ አይካድም፤ መኪናው በዝቷል፣ ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል፣ ጎረቤትም እንደ ቀድሞው አይተዋወቅም። ስለዚህ ጥያቄው «ልጅን እንጠብቅ ወይስ አንጠብቅ?» የሚል አይደለም፤ «ከምን እንጠብቀው?» የሚል ነው።

ልጅን የሚያገኘው አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጁ በዐይኑ አይቶ በአቅሙ የሚመዝነው ነው፤ የቅርንጫፍ ከፍታ፣ የሚዘለል ቦይ ስፋት ይህን ይመስላል። ሁለተኛው ሊያየውም ሊገምተውም የማይችለው ነው፤ በሣር ውስጥ የተሸሸገ የጠርሙስ ስባሪ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጦርነት ባለፈበት ምድር የቀረ ፈንጂ። ይህን ሁለተኛውን ማስወገድ የታላላቆች ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን ፈጽሞ ብናስቀርበት ግን የምናሳጣው ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የማመዛዘን ልምምዱን ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ አቡክቶ የማያውቅ ልጅ ግን መጋገርን ከቶ አይማርም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ብርታት የተባለውን በጎ ጠባይ ከልክ ባለፈ ፍርሃትና በግብታዊ ድፍረት መካከል ያስቀምጠዋል፤ በልክ የሆነ ጨዋታም ነፍስን እንደሚያሳርፍ ያስተምራል። ይህ ብርታት በትምህርት ክፍል በቃል ተጠንቶ አይገኝም። ልጁ «ይህን እችላለሁ፣ ያንን ገና አልችልም» እያለ ራሱን ሲፈትን ያድጋል።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በልጅነቱ በዛፎች መካከል ገመድ ወጥሮ በላዩ ይሄድ፣ ለመመልከት የተሰበሰቡትንም ልጆች ወደ ጸሎት ይጋብዝ ነበር። ካህን ከሆነ በኋላም በቶሪኖ ለድሆች ወጣቶች የጸሎትና የጨዋታ ቦታ ከፈተላቸው። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም በላከው ደብዳቤ ያዘነው ወጣቶቹ ስለ መጫወታቸው ሳይሆን አስተማሪዎቻቸው በጨዋታው ጊዜ ከመካከላቸው ስለ መራቃቸው ነበር። የእርሱ ጥንቃቄ በር መቆለፍ ሳይሆን አብሮ መገኘት ነው።

«ልጄ ቢሰበርብኝስ?» የሚል ወላጅ ጭንቀቱ ሊናቅ አይገባም፤ የተጎዳ ልጅ እናት ፊት ቆሞ «ለትምህርት ነው» ማለት የሚችል የለም። ስለሆነም የጉዳቱን ክብደት መመዘን ያስፈልጋል። የተላጠ ጉልበት ይድናል፤ በክረምት የሞላ ወንዝ ግን ለሙከራ የሚተው አይደለም። የፈራውን ልጅ «ፈሪ» እያሉ መገፋፋትም ብርታትን አያስተምርም፤ ፈተናውን ራሱ ሊመርጠው ይገባል። የሰው ልጅ በአደራ የተቀበለ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም አስቀድሞ ከወላጆች ጋር ይመካከር።

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚተርክልን፣ ማርያምና ዮሴፍ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ኢየሱስ ከዘመዶች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባጡት ጊዜም ተጨንቀው ፈለጉት። በዚያች ቅድስት ቤተሰብ መተማመንም ነበረ፣ መጨነቅም ነበረ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ልጆች በቁምስናችን ግቢ ሲሰበሰቡ አስቀድመን መሬቱን እንዙር፤ ስባሪውን እንልቀም፣ ጉድጓዱን እንክደን። ከዚያም በሚታዩን ስፍራ እንቀመጥ። አንዱ ዛፍ ላይ ሲወጣ ብናይ «ውረድ!» ብለን ከመጮህ በፊት «የምትረግጠው ቅርንጫፍ ይችልሃል?» ብለን በረጋ ድምፅ እንጠይቀው። መልሱን ፈልጎ የሚያገኘው እርሱ ነው፤ እኛ ግን ከዛፉ ሥር አንርቅም።