«አሸነፍን» ስንል

እስቲ ስለ አንዲት ግስ እንነጋገር። ሯጫችን ወርቅ ሲያጠልቅ «አሸነፍን» እንላለን። አራተኛ ሲወጣ ግን «ተሸነፈ» ይሆናል፤ ሲብስም «አዋረደን» የሚል አይጠፋም። ልብ በሉልኝ! በድሉ ጊዜ የግሱ ባለቤት እኛ ነን፣ በሽንፈቱ ጊዜ እሱ ብቻውን ነው። ትርፍ ሲሆን «የጋራችን»፣ ኪሳራ ሲሆን «የራስህ» የሚል ሸሪክ በገበያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለእናንተ መንገር አያሻም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሌላ ሰው በሮጠው ሩጫ ለመደሰትም ሆነ ለማዘን ምን መብት አለን?

እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። 25 ዙር፣ 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ተሮጦ፣ ልዩነቱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት እዚህ ተቀምጦ ያየ ሰው ያዋጣው ምንድን ነው? ጩኸት። ጩኸቱም ቢሆን አውስትራሊያ አይደርስ። (አብዛኞቻችን ያኔ አልተወለድንም። ይሁንና ፊልሙን ባየን ቁጥር፣ ውጤቱን እያወቅነው፣ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ልባችን ድው ድው ይላል። ይሄ ነገር ለኔ እስከዛሬ እንቆቅልሽ ነው።)

የፍልስፍና ተማሪ የሆነ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ምሕረት የለውም። «ደስታችሁ የተከራያችሁት ነው፤ ሀዘናችሁም የኪራይ ነው። ያልደከመ ሰው ምን አገባው?» ይላል። ሐሳቡ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን በዚህ ሚዛን ከሄድን ለቅሶ ቤት መሄድም ሊቀርብን ነው። ጎረቤት ሲሞት የምናለቅሰው ሟቹ የግድ የሥጋ ዘመዳችን ሆኖ አይደለም። ሰርግ ላይ የምንጨፍረውም ሙሽሮቹ እኛ ሆነን አይደለም። ሰው በሰው ደስታና ሀዘን ካልገባ ኑሮ ምኑን ኑሮ ሆነ? ብቻ ነገሩ ደንብ አለው። ሰርጉን በልቶ ከለቅሶው የቀረ ሰው በእድር ይቀጣል፣ በሰፈር ይታማል። እንግዲህ «እኛ» የማለት መብት የሚገኘው በለቅሶው በኩል ነው ባይ ነኝ።

አቴንስ፣ እ.ኤ.አ. 2004። ኃይሌ እግሩን እያመመው ነበር የገባው። ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየዞሩ አዩት፤ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ እነሱ ወርቅና ብር ወሰዱ። ታላላቆቻችን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ቀድመው የሚያነሱት ወርቁን አይደለም፤ ያንን መዞር ነው። ውድድሩ ሊያመልጣቸው በሚችልበት ሰዓት ዞረው ያዩ ሰዎች «እኛ» ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል?

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. 2024። ቅዳሜ ዕለት ታምራት ቶላ፣ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ቦታ ተተክቶ ገብቶ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ጨረሰ። አሸነፍን። በማግስቱ ትዕግስት አሰፋ መድረሻው ላይ በ3 ሰከንድ ተቀደመች፤ የቀረበው አቤቱታም ውድቅ ሆነ። ተሸነፈች። ግሱን የቀየረው አንድ ሌሊት ነው።

የቀደመቻት ደግሞ ሲፋን ሐሰን ናት፤ አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጥ። እኔ ባየሁበት ሻይ ቤት ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ዝም አለ። ገሚሱ «ምን አለበት፣ ያው የኛው ናት» ብሎ አጨበጨበ። ማጽናኛው ይጥማል፤ ለኔ ግን አልዋጥ አለኝ። ሲፋን ገና ልጅ ሳለች ነው ስደተኛ ሆና ሆላንድ የገባችው። ያኔ «ተሰደድን» ያለ ሰው ነበር? ወርቁ ሲመጣ ዘመድ ነኝ ማለት ያችው ሰርግ መብላት ናት።

ትዕግስትስ? 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ብር ላመጣች ሴት፣ ያን ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ብዙ ተባለላት፤ ብዙም ተባለባት። «ብር አገኘን» ያለ ግን አልሰማሁም።