ጋዝ ከመሙላትህ በፊት ቀዳዳውን ፈልግ

ልጄ፣ ገርጂ ላይ የራስህን የመኪና ኤሲ ሥራ ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ጅማሬህን ይባርክልህ። ቦታውም ጊዜውም ጥሩ ነው። ከቦሌ እስከ ሰሚት፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት መኪናው በዝቷል፤ በመንገድ መጨናነቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውለው ሰው ሁሉ ኤሲው እንዲሠራለት ይፈልጋል። ገበያ አታጣም። እኔ የምመክርህ ገበያውን ካገኘህ በኋላ ስለሚመጣው ፈተና ነው።

ደንበኛው መጥቶ «ጋዝ ሙላልኝ» ይልሃል። ሞልተህ በአሥር ደቂቃ ብትሸኘው እሱም ይደሰታል፣ አንተም ገንዘብህን ትቀበላለህ። ነገር ግን የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ መሥመር ውስጥ የሚዞር ነው፤ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ከሚሾልከው ጥቂት ነገር በቀር፣ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ሳታገኝ የሞላኸው ጋዝ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሰውየው የከፈለህም ለነፋስ ነው።

የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ጉድለቱን ይሸፍናል። ጋዙ በከፊል ያለቀበት መኪና ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ በኅዳር ወር የሚበቃውን ያህል ያቀዘቅዛል። ባለቤቱ ቤተሰቡን ይዞ በአዳማው ፈጣን መንገድ ቁልቁል ወርዶ መተሐራና አዋሽ ሲደርስ ነው ልጆቹ በላብ የሚዘፈቁት። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱም በደንብ አይመለስለትም፤ በአንዲት የኦሪንግ ጎማ የተጀመረ ነገር በኮምፕረሰር መንከስ ይጨርሳል። የጎማዋን ዋጋና የኮምፕረሰሩን ዋጋ አንተው ታውቃለህ።

ስለዚህ አስቀድመህ በዓይንህ ፈልግ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ የመንገዳችን አቧራ ደግሞ ዘይት ባገኘበት ይለጠፋል። ኮፈኑን ከፍተህ በቧንቧ መጋጠሚያ፣ በኮምፕረሰሩ አፍና በኮንደንሰሩ ፊት ላይ ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚያጣብቅ አቧራ ካየህ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ጠጠር የሚያገኘው እሱን ነው። የመሙያ ቫልቮቹንም ክዳን አትርሳ፤ ክዳኑ የጠፋ ቫልቭ ቀስ እያለ ያፈሳል።

ከዚያ መዝን። ጌጅ ብቻ አይቶ «ጋዙ ልክ ነው» የሚል ባለሙያ አይምሰልህ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በመሥመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚነግርህ የሙቀቱን መጠን እንጂ የጋዙን ብዛት አይደለም። እውነቱን የሚነግርህ ጋዙን ስቦ የሚመዝነው ማሽን ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት 500 ግራም ካለ፣ ማሽኑም 320 ካወጣ፣ 180 ግራም ጠፍቷል። ይህን ቁጥር ለደንበኛህ አሳየው፤ ክርክር አይኖርም።

አሁን ወደ ዘመናዊው መሣሪያ ልምጣ። የሳሙና አረፋ ትልቁን ቀዳዳ ያሳያል፤ ትንሹን ግን አያሳይም። ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ማሽተቻ በዓመት 4 ግራም ብቻ የሚያፈስ ቀዳዳ ለይቶ ይጮሃል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከቻልክ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራውን ግዛ። ጋዙ ያንን ብርሃን ስለሚውጥ መሣሪያው የብርሃኑን መቀነስ አይቶ ያስታውቃል፤ በሌላ ሽታም እምብዛም አይታለልም። በጋለ ዳዮድ የሚሠራውም ጎበዝ ነው፤ ግን ስሜቱ እያረጀ ስለሚሄድ ዳሳሹን በየጊዜው መለወጥ አለብህ።

መሣሪያው ግን በያዘው እጅ ልክ ነው። ሞተሩን አጥፋ፤ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ አትፈትሽ፤ አጠገብህ ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ አይኑር። ጋዙ ከአየር ሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንተም ከመጋጠሚያው በታች ፈልገው። ጫፉን ከቧንቧው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀህ፣ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት አስኪደው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ሲጮህ ደግሞ ወዲያው አትመን፤ ጫፉን ንጹሕ አየር አስነካውና ወደዚያው ቦታ መልሰው። ሁለቴ ሦስቴ በአንድ ቦታ ከጮኸ አገኘኸው።

ክሩስኮቱ ውስጥ የተደበቀውን ኤቫፖሬተር ለማየት መኪናውን ለመበተን አትቸኩል። ማራገቢያውን ጥቂት አሠርተህ አጥፋው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቅና ከመኪናው ሥር ባለችው የውኃ ማንጠባጠቢያ ቱቦ አፍ ላይ ማሽተቻውን ያዝ። ውኃ እንዳይስብ ተጠንቀቅ። የፈሰሰው ጋዝ በዚያች ቱቦ ወርዶ ራሱን ይገልጣል።

ቀዳዳው አንዳንዴ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የሚያበራው ቀለም ይረዳሃል። ለዚያ መኪና ዘይት የሚስማማውን፣ በተባለው ልክ ብቻ ጨምር፤ ሰውየው ጥቂት ቀናት ነድቶት ይመለስ። ከዚያ ጨለማ ቦታ አስገብተህ ቢጫውን መነጽር አድርገህ በዩቪ መብራት ስታየው፣ ያፈሰሰበት ቦታ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ይበራል። ባለመኪናውን ጠርተህ በገዛ ዓይኑ ይየው።

ስለ ቫክዩም የምነግርህን ልብ በል፤ ከባሕር ጠለል ላይ ሆነው የጻፉት መመሪያ አይነግርህምና። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ መርፌው 30 ኢንች አካባቢ እንዲደርስ አትጠብቅ፤ ፓምፑ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን 23 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ልጅ ጤነኛውን መሥመር ያፈሳል ብሎ ይፈታዋል። ደግሞም ቫክዩም የሚፈትነው ከአንድ ባር ባነሰ ግፊት ነው፤ ሲሠራ ግን በአንዱ ወገን ያለው ግፊት 15 ባር ይደርሳል። ቫክዩም ያዘ ማለት አያፈስም ማለት አይደለም። ለዚያ ደረቅ ናይትሮጅን በመቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ፋብሪካው ከፈቀደው ግፊት ሳታልፍ አስገባ። ኦክስጅን ግን በፍጹም! ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ዘመኑም ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቦሌ መንገድ ላይ እየበዙ የመጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቢዋይዲውና የቮልስዋገን አይዲው ናቸው። የእነዚህ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ስለሆነ ሳትሠለጥን ብርቱካናማውን ገመድ አትንካ። የሚጠቀመው ዘይትም ሌላ ነው፤ በቤንዚን መኪና የለመድከውን ዘይት ብትጨምርበት የኤሌክትሪክ መከላከያው ይዳከማል። በብዙዎቹ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው ጋዝ ስለሆነ ፍሳሹ ባትሪውንም ይጎዳል። የጋዙን ዓይነት ሁሌም ከወረቀቱ አንብብ። አር-1234ዋይኤፍ የተባለው አዲሱ ጋዝ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ አርባ ዓመት የቆየ ልማድም ሆነ የጎረቤት ምክር ይህን ንባብ አይተካልህም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ደንበኛ ኪስ ብቻ አይደለም። ጄምስ ላቭሎክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ከብሪታንያ ወደ አንታርክቲካ በሚሄድ መርከብ ተሳፍሮ ራሱ በፈጠረው መሣሪያ አየሩን ሲለካ፣ ፋብሪካ ከሌለበት ውቅያኖስ በላይ ከፍሪዮን ወገን የሆነ፣ ያኔ ለማቀዝቀዣ ይውል የነበረ ጋዝ አገኘ። ከየቤቱና ከየፋብሪካው የወጣው የትም አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት የመጣው ያ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን እንደሚጎዳ ስለታወቀ ነው። በምትኩ የገባው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ምድርን በማሞቅ ግን አንዱ ኪሎ ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስተካከላል። ከአንድ መኪና የሚያመልጠው ግማሽ ኪሎ ጋዝ 300 ሊትር ያህል ቤንዚን ከማቃጠል ጋር እኩል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ በተደረሰው ማሻሻያ መሠረት ዓለም ይህንንም ጋዝ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነው። ጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ የለመደ ባለሙያ ከእንግዲህ ቦታ አይኖረውም።

የመጨረሻ ቃሌ ስለ ገንዘብ ነው። የፍተሻውን ዋጋ ከጋዙ ዋጋ ለይተህ አስቀድመህ ንገር፤ ፍለጋ ሥራ ነው፣ ሥራም ይከፈልበታል። ስንት ግራም እንዳወጣህ፣ የት እንዳፈሰሰ፣ ስንት ግራም እንደሞላህ ጽፈህ ስጠው። ካላገኘኸው «አላገኘሁትም» በል፤ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ ግን አትጨምርበት፤ መሥመሩንና ማሽንህን ያበላሻል። ከትልቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ በፊት መመዘኛ ማሽንና ደህና ማሽተቻ ግዛ። ደንበኛው ወጥቶ ስለ አንተ የሚናገረው በሰሌዳህ ትልቅነት አይደለም፤ ክረምትና በጋ አልፎ ኤሲው ሳይመለስ በመቆየቱ ነው።