ደሙን ተከተሉ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንድ ሰው ደረቱን ሲደቃ አየሁ። ከሟቹ ልጆች ይልቅ እሱ አለቀሰ። ድንኳን የተከለው፣ ንፍሮ ያስቀቀለው፣ አስከሬኑን ለመሸከም የተሻማው እሱ ነው። ሟቹን ግን ከሁለት ዓመት በፊት በቦቴ ውኃ ወረፋ ላይ ሰው ፊት ካዋረደው ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በሩን አላንኳኳም። ስም አልጠራም፤ ብዙ ናችሁና።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ያቆሰልነውን መከተል ግዴታችን ነው። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ወደ ወንድሙ ስለሚሄደው ሰው ወንጌሉን ታውቁታላችሁ፤ አላነብላችሁም። ሁለተኛውን ከታሪክ ልጀምር።

ልጅ ሳለሁ አርሲ ውስጥ አጎቴ አደን ይወስደኝ ነበር። (ተነሡና አድኑ ማለቴ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው።) አንድ ቀን ጠመንጃውን ሰጠኝ። ድኩላው ዞር ሲል ቸኩዬ ተኮስኩ። ጀርባውን አጉብጦ ጫካ ገባ። «መታሁት!» ብዬ ልሮጥ ስል አጎቴ በጋቢዬ ጫፍ ያዘኝ፤ ድኩላው ቆሞበት የነበረውን ቦታ ወስዶ ቅጠሉን አሳየኝ። ደሙ አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ቢሆን ሳንባው ተመቷል፣ ሩቅ አይሄድም። ይሄ ግን ጠቆር ያለ፣ ፈርስ የነካው፣ የሚሸት ነበር። «ሆዱን ነው የመታኸው። ካላባረርከው ቅርብ ይተኛል፤ ካባረርከው አታገኘውም። ጥቂት ሰዓት ቁጭ በል» አለኝ።

አጎቴ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ሾልኬ ሄድኩ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ብቻ ሰማሁ። መሸ፤ ዝናብ ጥሎ ደሙን አጠበው። ጅብ ሲጮህ አደረ። ጠዋት ያገኘነው ጭንቅላትና የጎን አጥንት ነው። አጎቴ አልተቆጣኝም። ዝናቡ ያልደረሰበት ከዛፎች ሥር እየመራ ሣሩ የተደፈጠጠባቸውን ሦስት ቦታዎች አሳየኝ፤ ሦስቱም ላይ ደም ረግቷል። ሦስት ጊዜ ተኝቶ ነበር።

ድኩላው በክት ሆኖ ቀረ። በክት ምን እንደሆነ ለቀብሪበያ ሰው አላስረዳም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይባረክ የሞተውን አይበላም። እናንተ ግን ይቅርታን በክት አድርጋችሁ ለቅሶ ቤት ይዛችሁ ትመጣላችሁ!

«ይብረድለት ብዬ ነው» ትሉኛላችሁ። ልጆቼ፣ መብረዱስ ደግ ነው፤ በነጋታው ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ሰውዬው ቁርስ ሳይቀምስ «ይቅር በል» እያለ የሚያስጨንቀውም እኔ እንደ ሮጥኩት ሮጧል፤ እሱ የፈለገው የራሱን እንቅልፍ ነው። አጎቴ ግን ቁጭ በል አለ እንጂ ተኛ አላለም። ሁለት ዓመት ቁጭ የሚል አዳኝ የት አለ? እዚህ ከተማ ደግሞ ሰው አይከርምም። መምህሩ ይዛወራል፣ ወታደሩ ይነሣል፣ ነጋዴው ድሬዳዋ ይገባል። «ነገ» ያላችሁት ሰው ስልኩ አይሠራም።

ይህ ሜዳችን ራሱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ቆርኬ በመንጋ የሚውልበት ነበር። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን አይቶ ስለጻፈለት ዛሬም በስሙ ይጠራል። ደስታ በሽታና ጥይት ከዚህ አጠፉት፤ አሁን ሻሸመኔ አቅራቢያ ሰንቀሌ ተጠልሏል። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ቆስሎ፣ ማንም ሳይከተለው፣ ቁጥቋጦ ሥር እንደቀረ ማን ቆጠረ?

ሦስተኛው ይቅር፤ ሰዓቱ ሄዷል።

እኔም ጅጅጋ አንድ ዲያቆን አለኝ፤ በዐቢይ ጾም ሰው ፊት የገሠጽኩት፣ እውነቱ ግን የእሱ የነበረ። ነገ ማለዳ እሄዳለሁ። ወደዚያ የምትሄዱበት ያላችሁ አብረን እንውጣ፤ ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሣው።