የጢያ ሰይፍ ምን ይቆጥራል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ጢያ ላይ ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ ከቅርጹም ሰይፉ ይበዛል። ያገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የሰይፉ ብዛትም በድንጋዩ ሥር የተቀበረው ሟች የገደላቸውን ጠላቶች ይቆጥራል ይባላል። የግራኙ ነገር ቶሎ ይወድቃል፤ መቃብሮቹ በ11ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የተሠሩ ሲሆን፣ ግራኝ የሚባለው ኢማም አሕመድ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። የቁጥሩ ነገር ግን እዚህ መተማ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

መተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት፣ ከሐበሻም ከድርቡሽም ሺዎች ያለቁባት ምድር ናት። ሰይፍ የግዳይ ቁጥር ቢሆን ከዚህ የበለጠ ቁጥር የት ይገኛል? በዚህ ዋልካ ሜዳ ግን ሰይፍ የተቀረጸበት ድንጋይ አላየሁም። እንግዲያው መግደል ብቻውን ድንጋይ አያስተክልም ብዬ አሰብሁ።

ነገር ግን ይህ ማስረጃ ይበቃል? እዚህ የወደቀው ክርስቲያንና ሙስሊም ነው፤ በመቃብር ላይ ሰይፍ መቅረጽ የእነርሱ ወግ መሆኑን አላውቅም። ሠራዊቱም ተበትኖ ነበር። የንጉሡ አስከሬን እንኳ በጠላት እጅ ገብቶ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ስለዚህ የመተማ ባዶነት የጢያን ሰይፍ አይፈታም። አንድ ነገር ግን ግልጽ አደረገልኝ፤ ድንጋዩን የሚፈልጥ፣ የሚጠርብ፣ ጎትቶ የሚያቆም፣ ለሠራተኛው የሚደግስ ቋሚ ወገን ያስፈልጋል። ምናልባት ምልክቱ የሚናገረው ሟቹ በቋሚዎቹ ዘንድ ስለነበረው ስፍራ ይሆናል።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ዲማፑር ላይ፣ የካቻሪ ሕዝብ ባቆማቸው እንጉዳይ መሳይ ዓምዶች ላይም ይኸው ክርክር አለ። አንዳንዱ የመራባት ምልክት ናቸው ይላል፤ ሀተን የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ጎረቤቶቹ ናጋዎች ለክብር ደግሰው ድንጋይ ከሚያቆሙበት ሥርዓት ጋር አያያዛቸው። ልቤ ወደ ድግሱ ሥርዓት ያዘነብላል፤ ቢሆንም የናጋን ወግ ለሶዶ ማልበስ አልደፍርም።

ጢያ ላይ በድንጋዮቹ ሥር ተኮራምተው የተቀበሩት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ናቸው። «ተዋጊ ነበሩ» የሚለው ሰው ይህን ለራሱ ይጠቅሳል፤ ወጣት ይዋጋልና። ከሰይፉ ጋር ስለተቀረጹት ክብና ቅጠል መሳይ ምልክቶች ስጠይቀው ግን መልስ የለውም። እነርሱንም ከሰይፉ ጋር አብሮ የሚያነብ ፍቺ እስካገኝ ድረስ ሰይፉን በግዳይ አልቆጥርም።