ጽሑፍም አማና ነው

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ አንተ ጋዜጠኛ ስለሆንክ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ክፈትልኝ፤ ሁለት አንቀጽ እንዲሻሻል ተወስኗል» አሉኝ። ፋይሉን ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ሞልተውታል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ማነው ያበላሸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር ማንም አላበላሸውም። ድሮ ኮምፒዩተሮች በአንድ ፎንት ውስጥ ለፊደላት የሚሰጡት ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት፤ ሲጠብባቸውም ከፋፈሉት። ሠሪው ሁሉ የየራሱን የቁጥር አሰጣጥ በመከተሉ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

እነዚህን ሰዎች መውቀስ ግፍ ነው። የጋራ መስፈርት ባልነበረበት ዘመን በአማርኛ እንድንጽፍ ያደረጉን እነርሱ ናቸው። ደሩራ ነበር። ይሁንና ችግር የፈቀደው ነገር ችግሩ ሲወገድ ፈቃዱም እንደሚያበቃ ከዑለማዎቻችን ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ ሰጥቶታል። የእድራችን ደንብ ደግሞ የተጻፈው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ታዲያ በአሮጌው መንገድ ያጻፈን ችግር ነው ወይስ ልማድ?

ፊደሉን በመለወጫ ፕሮግራም ከመለስነው በኋላም ሌላ ጉድ ገጠመን። ርዕስና አንቀጽ የተለዩት በፊደል መጠንና ድምቀት ብቻ ስለነበር ሁሉም አንድ ወጥ ጽሑፍ ሆነ። ዓለም ለዚህ መላ ከፈለገ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤስ.ጂ.ኤም.ኤል.ም ሆነ በ1998 የተከተለው ኤክስ.ኤም.ኤል. እያንዳንዱን ክፍል በመልኩ ሳይሆን በምንነቱ መሰየም ያስችላሉ፤ «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» እንደማለት ነው። በኤክስ.ኤም.ኤል. ላይ የተመሠረቱ ሁለት ተፎካካሪ የቢሮ ሰነድ ዓይነቶችም በ2006 እና በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነው ጸድቀዋል። ፉክክራቸው ለተጠቃሚው ራስ ምታት መሆኑ አይካድም። ቢያንስ ግን የሁለቱም አሠራር ለሕዝብ የተገለጸ ነው፤ ቁልፉ በአንድ ሠሪ ኪስ ውስጥ አይደለም።

«ወረቀቱ ላይ ይነበብ እንጂ ፋይሉ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። ወረቀት ግን ይጠፋል፤ ይቀደዳል። የእድር ደንብ ደግሞ የጸሐፊው ንብረት አይደለም፤ ነገ ባሏ ሞቶባት «ለእኔ የሚገባኝ ምንድን ነው?» ብላ የምትጠይቀው እናት ንብረት ነው። እርሷ ማንበብ በማትችለው መንገድ ማስቀመጥ አማናን ማጉደል አይሆንምን?

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። የመመረቂያ ጽሑፌ የአማርኛ ክፍል ዛሬ በኮምፒዩተሬ አይነበብም፤ የጻፍኩት እኔው፣ ፎንቱን የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ለአዛውንቱም ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው አብረን እናርመው» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ። ደንቡን በዩኒኮድ አስተካክለን፣ ርዕሱን ርዕስ፣ አንቀጹን አንቀጽ ብለን ሰይመን፣ ቅጂውን ለሦስት ሰዎች ሰጠን። አንድ ምሽት ብቻ ነው የፈጀብን። ውድ አንባቢ፣ በእርስዎስ እጅ ያለው የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ይነበባል? ዛሬውኑ ከፍተው ይዩት።