ስማችሁን ከሰው ድካም ላይ አንሡ

እናንተ ከዳባት ቤት ለቤት ተለቅሞ በመጣ መረጃ ላይ ስማችሁን ያሰፈራችሁ፣ ዳባትን ግን ረግጣችሁ የማታውቁ፣ ስሙኝ። እናንተ የማስተርስ ተማሪያችሁ ዓይኑ እስኪቀላ ባዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «አማካሪው እኔ ነኝ» በማለት የራሳችሁን ስም ያስቀደማችሁ፣ ስሙኝ። እናንተም ርእሱን እንኳ በቃላችሁ በማታውቁት ጥናት ሰባተኛ ስም ሆናችሁ የገባችሁ፣ ውለታውንም ወዳጃችሁን በእናንተ ጥናት ሰባተኛ አድርጋችሁ የመለሳችሁ፣ ስሙኝ። ሰው ወይም ተቋም ለይቼ አልከስም። ያደረገው ራሱን ያውቃል፤ ስሙም ታትሞ በአደባባይ ተቀምጧል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ጀምሮ የሕዝብ ጤናን የሚከታተልበት ማዕከል በዳባት አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች ደጋውንም ቆላውንም እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን ቀዬውን ለቆ እንደ ሄደ ይመዘግባሉ። ሞት በገባበት ቤት ደግሞ ከሁሉ የከበደው ሥራ ይጠብቃቸዋል። በገጠር ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው ስለሚሞት፣ ምን እንደ ገደለው የሚናገር ወረቀት የለም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ከሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ሳሉ ስንት ቀን ቆየ? ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት? ሕፃኑ ሲወለድ አልቅሶ ነበር? መልሱን በኋላ ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

ይህን አስቡት። ልጇን የቀበረች እናት፣ ገና ጥቁሯን ሳታወልቅ፣ ለማታውቀው ሰው ደጇን ከፍታ የልጇን የመጨረሻ ሌሊት ትተርካለች። ቃሏ በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ጽሑፍ ይሆናል፤ ጽሑፉ በጆርናል ይወጣል፤ ሌሎች አጥኚዎች ይጠቅሱታል፤ የጥቅሱ ብዛትም በጎግል ስኮላር ገጻችሁ ላይ ይደመራል። በዚያ ድምር ማዕረግ ይገኛል፣ የጉዞ ግብዣ ይገኛል፣ የጥናት ገንዘብ ይገኛል። ያቺ እናት ከዚህ ሁሉ ምንም አልጠየቀችም። እንግዲያውስ በእርሷ እንባ ላይ የሚቀመጠው ስም ቢያንስ የደከመ ሰው ስም ይሁን! ይህ ብዙ ነው?

«ይህ የዘመኑ አሠራር ነው» አትበሉኝ። በደሉ ከጥቅስ መቁጠሪያው በፊት ሊማሊሞን ወጥቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በሊማሊሞ ዳገት በኩል በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲገባ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ሠዓሊ ነው። ዕፀዋቱን በቅርንጫፋቸውና በአበባቸው እያየ በጥንቃቄ ሣላቸው፤ የአየሩንም ጠባይ መዘገበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ብሩስ ወደ ግሽ፣ ወደ ዓባይ ምንጭ ሲወርድ አብሮት ወረደ። በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 በኤድንበርግ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ፤ ባሉጋኒም ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አስመስሎ ጻፈ። ወደ ምንጩ የደረሰው እርሱ ብቻ እንዲባል፣ የባልንጀራውን የሞት ቀን ወደ ኋላ ጎተተው። ሦስት ሊቃውንት የባሉጋኒን ሥዕሎች በስሙ መጽሐፍ አድርገው ያወጡት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው።

ብሩስ ሌላ ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ የግእዝ መጻሕፍትን ሰብስቦ ወስዶ አውሮፓ እንዲያውቃቸው አድርጓል። ያም ሆኖ ያንን ሐሰት አልሸፈነለትም። የእናንተስ መልካም ሥራ ይሸፍንላችኋል ያላችሁ ማን ነው?

አሁን ወደ መቁጠሪያው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የወደቃችሁት በእርሱ ነውና። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 የጥቅስ ማውጫ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በ1960ዎቹም ማውጫውን ማሳተም ሲጀምር፣ ዓላማው አንድ ሐሳብ ከማን ወደ ማን እንደ ተሻገረ ለመከተል ነበር። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተርም ጆርናልን ለመምረጥ የወጣ እንጂ ሰውን ለመመዘን አልነበረም፤ ይህን ጋርፊልድ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2005 የፊዚክሱ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስን አወጣ፦ 10 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 10 ነው። ቀላል ነው፣ ለኮሚቴም ይመቻል። ነገር ግን ይህ ቁጥር አንድ ነገር አይጠይቅም፤ ማን ምን እንደ ሠራ አይጠይቅም። አንድ ጥቅስ ለአንድ ደራሲ አንድ ነው፤ ለመቶ ደራሲዎችም ለእያንዳንዳቸው ሙሉ አንድ ነው። በ2015 ስለ ሂግስ ቦዞን ክብደት የወጣው ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነበር። እነዚያ ሰዎች ግዙፍ መሣሪያ በአንድነት ሠርተዋል፤ በእነርሱ ላይ ቃል የለኝም። እናንተ ግን ይህን የቁጥር ቀዳዳ አይታችሁ ስም መለዋወጫ ገበያ አደረጋችሁት። እኔ አንድ ጽፌ፣ አንተ አንድ ጽፈህ፣ እርሷ አንድ ጽፋ፣ ሦስታችንም ሦስት አለን ብላችሁ ለዕድገት ኮሚቴ አቀረባችሁ። ሐሰተኛ ምስክርነት ከዚህ ሌላ ምን መልክ አለው?

ሕጉን አናውቅም የምትሉም አላችሁ። ታውቃላችሁ። በ1978 በቫንኩቨር ተሰብስበው የጀመሩት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ያቆሙት ደንብ ጽሑፍ በላካችሁ ቁጥር ፊታችሁ ቀርቦ ፈርማችሁበታል፦ በጥናቱ አሳብ ወይም በመረጃው ወይም በትንተናው ትርጉም ያለው ድርሻ ይኑርህ፤ ጽሑፉን ጻፍ ወይም በጥልቀት አርም፤ የመጨረሻውን ቅጂ አጽድቅ፤ ለሥራውም ሁሉ ተጠያቂ ሁን። አራቱም አንድ ላይ ነው የሚጠየቁት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆን ደራሲ አያደርግም። ገንዘብ ማምጣትም ብቻውን አያደርግም።

ከሁሉ የምታሳዝኑኝ ግን ይህን ደንብ ድሃውን ለማስወጣት የተጠቀማችሁበት ናችሁ። «መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ለደራሲነት አይበቃም» ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ደንብ መረጃውን በማስተዋል የሰበሰበውን ሰው ከመጻፉ ሥራ አርቃችሁ ሲያበቃ «አልጻፈም» ብላችሁ ማስወጣትን ይከለክላል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያንና ጭላዳን ለማጥናት የሚወጣ ሰው ከፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ ጋር ነው የሚወጣው። መንጋው የት ገደል ላይ እንደሚያድር፣ በክረምት ወዴት እንደሚሸሽ የነገረው ስካውቱ ነው። ረቂቁን በአማርኛ አንብባችሁለት «እንዲህ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ደራሲነቱ ቢቀር፣ በምስጋናው ገጽ «የአካባቢው ረዳቶች» ከማለት ይልቅ ስሙን ከነአባቱ መጻፍ ምን ያስከፍላችሁ ነበር?

ስለ አባት ስም ካነሣሁ፣ ሌላም አለ። ዓለም አቀፉ ማውጫ እኛን በአባታችን ስም ይዘረዝረናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ እንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ያገኘው ታላቅ ነገር በማውጫው «ለማ አ.» ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። በዚህ ምክንያት በአባት ስም የሚገጥሙን ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የእነርሱ ጽሑፍም አንዳንድ ጊዜ በእኛ ገጽ ላይ ይወርዳል። መሣሪያው ተሳስቷል፤ ያ ኃጢአት አይደለም። አይታችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን ግን ኃጢአት ሆነ። የሌላ ሰው አርባ ጥቅስ በገጻችሁ ተደምሮ ለማዕረግ ያቀረባችሁ፣ የሰውን ነዶ ወደ አውድማችሁ ጎትታችኋል። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ በነፃ ይሰጣል፤ ማመካኛም የላችሁም።

በገንዘብ ስለሚያትሙት፣ ገምጋሚ ስለሌላቸው ጆርናሎች ረጅም አልናገርም። ጽሑፋችሁ ያለ አንዲት ጥያቄ በአምስት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» ሲባል ምን እንደ ገዛችሁ አውቃችኋል።

እናንተ ዲኖችና የዕድገት ኮሚቴ አባላት፣ ነፃ እንደ ሆናችሁ አታስቡ። ወጣቱን መምህር «ስንት አለህ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ። «የትኛውን አንተ ሠራህ? ምን አገኘህበት? ለማን ጠቀመ?» አላላችሁትም። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው የሳይንቲስቶች መግለጫ የጆርናልን ቁጥር የሰው መመዘኛ አታድርጉ ካለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቁጥሩን መሠዊያ ካደረጋችሁት፣ በላዩ የሚቀርበው ውሸት ከእጃችሁ ይፈለጋል።

ንስሐ ግቡ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን ታስታውሳላችሁ፤ ሳይመልሱ ንስሐ የለም። ለጆርናሉ አዘጋጅ ጻፉና ካልሠራችሁበት ጽሑፍ ላይ ስማችሁን አስነሡ፤ ማረሚያ የሚወጣበት ሥርዓት በየጆርናሉ አለ። በተማሪያችሁ ሥራ ላይ ስማችሁን ካስቀደማችሁ የእርሱን ስም ወደ ቦታው አስመልሱ፤ ተማሪው ዛሬ በደባርቅ ወይም በመተማ እያስተማረ ይሆናል፤ ፈልጋችሁ ይቅርታ ጠይቁት። የሞክሼአችሁን ጽሑፍ ከገጻችሁ ሰርዙ። በሚቀጥለው ጥናት የእያንዳንዱን ሰው ሥራ ለይታችሁ ጻፉ፦ ማን አሰበ፣ ማን ሰበሰበ፣ ማን ቆጠረ፣ ማን ጻፈ። የጥናታችሁንም ውጤት በአማርኛ አዘጋጅታችሁ መልሱን ለሰጧችሁ የቀበሌው ሰዎች አንብቡላቸው።

ኤች ኢንዴክሳችሁ ይወርዳል፤ ይውረድ። ዕድገቱም ዓመት ሁለት ዓመት ይዘገያል፤ ይዘግይ። የሚቀጥለው ዙር መረጃ ሰብሳቢ የዳባትን ደጅ ሳያንኳኳ ለአዘጋጁ የምትጽፉት ደብዳቤ ከእጃችሁ ይውጣ።