ሁለተኛው ሰው

ለበጎ ተብሎ የተዛባ ቁጥር ውሸት ይባላል? ይህን ጥያቄ ያመጣችብኝ ሞኖዊ ናት፤ በአሜሪካ፣ በነብራስካ ግዛት፣ ቦይድ ካውንቲ ውስጥ ያለች መንደር። መንደር ስል በሕግ የተቋቋመች፣ ከንቲባም በጀትም ያላት ማለቴ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባቡር ሲመላለስባት ከመቶ በላይ ነዋሪ ነበራት። በኋላ ማሽን የእርሻውን ጉልበት ሲተካ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ ትምህርት ቤቱም በ1974 ተዘጋ። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ባልና ሚስት። ባልየው በ2004 አረፉ። የ2010 ቆጠራ «1» ብሎ መዘገበ።

ሴትዮዋ ከንቲባም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም ሆኑ። የመጠጥ ቤታቸውን ፈቃድ የሚሰጡት ራሳቸው፣ ግብሩን ከፋዩም ተቀባዩም ራሳቸው! ለ4 የመንገድ መብራቶች ገንዘብ ለማግኘት በየዓመቱ የመንገድ ዕቅድ እያዘጋጁ ለግዛቱ ያቀርቡ ነበር። ይኼን ሳነብ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

የ2020 ውጤት ሲወጣ ግን የሞኖዊ ነዋሪ «2» ሆነ። ማን መጣ? ማንም። ሴትዮዋም ብቻቸውን እንደሆኑ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ነገሩ ወዲህ ነው። የቆጠራው መሥሪያ ቤት የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ብሎ የየመንደሩን የሰው ቁጥር ሆን ብሎ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎታል። የየግዛቱ ጠቅላላ ሕዝብ አልተነካም፤ የቤቶች ብዛትም አልተነካም። የተነካካው በቤቶቹ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ምክንያቱ ቀላል አይደለም። በትልቅ ከተማ «መካከለኛ ገቢ» ሲባል ማንም ራቁቱን አይቀርም። ባለ አንድ ሰው መንደር ውስጥ ግን መካከለኛ ገቢ ማለት የእሳቸው ኪስ ነው፤ መካከለኛ ዕድሜ የእሳቸው ዕድሜ፤ የቤት ዋጋ የእሳቸው ጣሪያ። እናቴ ሰው ልጆቿን ሲቆጥርባት ፊቷ ይጠቁር ነበር፤ እኔ ደግሞ አጉል ልማድ እላት ነበር። ይኸው የአሜሪካው ቆጠራ መሥሪያ ቤት በ1943 በዋሽንግተን አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ ለገንዘብ ሚኒስቴር አሳልፎ እንደሰጠ ተመራማሪዎች በ2007 ይፋ አደረጉ። የጦርነቱ ጊዜ ሕግ ምስጢር የሚጠብቀውን ድንጋጌ አንስቶለት ስለነበር ነገሩ ሕጋዊ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኼው ነው።

ስለዚህ ማዛባቱን እደግፋለሁ። ውሸትም አልለውም፤ መሥሪያ ቤቱ ማዛባቱን በግልጽ ተናግሯልና። የሚዋሽ ሰው «እየዋሸሁ ነው» አይልም። ድጋፌ ግን ሙሉ ልብ የለውም። የተጠበቁት ሴት ጠብቁኝ አላሉም። ብቻቸውን መኖራቸውን አገር ያውቃል፤ እንግዳ የሚመጣላቸውም ለዚያው ነበር። ከ331 ሚሊዮን ሰው ጋር በአንድ ደንብ ተጠቀለሉና ብቸኝነታቸው ከመዝገብ ተፋቀ። ለአንዲት ሴት ተብሎ ደንቡ ይጣስ ወይ? አይጣስ። ይህን የሚለው ግን አፌ ነው፤ ሆዴ እሺ አላለም።

የ2000ንና የ2020ን አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። እዚያም 2፣ እዚህም 2። ታሪኩን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ባልየው በሕይወት ያሉ ይመስለዋል።